«ጋዙ አልቋል» ከመባሉ በፊት፤ በሞቃታማው ደቡብ ምዕራብ የቤት ማቀዝቀዣዎች ጥገና

በሚዛን አማንም ሆነ በቴፒ፣ የቤት ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ማቀዝቀዙን ሲያቆም ባለንብረቱ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚሰማው ምክንያት «ጋዙ አልቋል» የሚል ነው። ጋዝ ይሞላል፣ ክፍያ ይፈጸማል፣ መሣሪያውም ለጥቂት ሳምንታት ከሠራ በኋላ ተመልሶ ይቆማል። ይሁን እንጂ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመላለስ በመሆኑ መሣሪያው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ከፋብሪካ የተሞላው ጋዝ ለመሣሪያው ዕድሜ ሙሉ ይበቃል። መጠኑ ከቀነሰ አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግና ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ ለቀዳዳው የሚከፈል ገንዘብ ነው።

ይህ ጉዳይ በተለይ ሙቀትና ርጥበት በተጣመሩበት በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ክብደት አለው። የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ሚዛን አማን ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በሸካ ዞን የምትገኘው ቴፒ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብላ ከ1 ሺህ 100 እስከ 1 ሺህ 200 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ትገኛለች። አካባቢው በዓመት ከ1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ፣ የበበቃና የቴፒ ቡና ልማቶችን የያዘ፣ ቅመማ ቅመምም በስፋት የሚበቅልበት ነው። ለቡናና ለኮረሪማ የተስማማው ይኸው አየር ለማቀዝቀዣ መሣሪያ ግን ፈታኝ ነው።

ፍሪጅ ብርድ የሚያመርት መሣሪያ ተደርጎ ቢታሰብም ሥራው ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወስዶ ወደ ሌላ ቦታ ማጓጓዝ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን አምቆ ከኋላ ወዳለው ጥቁር ፍርግርግ ማለትም ወደ ኮንደንሰሩ ይልከዋል። የታመቀው ጋዝ እዚያ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ለቅቆ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ፈሳሹ የውስጥ ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ቀጭን ቱቦ (ካፒላሪ) ውስጥ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ በፍሪጁ የውስጥ ክፍል ሲደርስም እየተነነ በውስጡ ያለውን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያም ወደ ኮምፕሬሰሩ ተመልሶ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። በቀዝቃዛ አገሮች ቤት ለማሞቅ የሚያገለግለው «ሂት ፓምፕ» የተሰኘው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ሙቀቱን ከውጭ አየር ወስዶ ወደ ቤት ማስገባቱ ብቻ ነው። ሙቀት ከማመንጨት ይልቅ ማጓጓዝ የሚቀል በመሆኑ እንዲህ ያለ መሣሪያ በ1 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ እስከ 3 ኪሎ ዋት የሚደርስ ሙቀት ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ፍሪጅ ያለው ማንኛውም የሚዛን አማን ነዋሪ፣ ባያውቀውም፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ሂት ፓምፕ አለው።

ከላይ የተገለጸው አሠራር እንደሚያሳየው ፍሪጁ ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት መልቀቅ የሚችለው የክፍሉ አየር ከኮንደንሰሩ ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ነው። ክፍሉ በጣም ሲሞቅ፣ ፍሪጁ ከግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ወይም ፍርግርጉ በአቧራና በማዕድ ቤት ጭስ ሲሸፈን ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል። አምራቾች ይህን በመገንዘብ እያንዳንዱን ፍሪጅ ለየትኛው የአየር ጠባይ እንደሠሩት በመለያው ላይ በፊደል ያመለክታሉ። «ኤን» የሚል ምልክት ያለው እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ «ኤስ ቲ» እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ እስከ 43 ዲግሪ በሚደርስ የክፍል ሙቀት እንዲሠራ የታሰበ ነው። በቴፒ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ «ኤን» ፍሪጅ በደረቁ ወቅት ከአቅሙ በላይ መሥራቱ የማይቀር ነው። ገዢዎች ዋጋና ቀለም ከመጠየቃቸው በፊት ይህንን ፊደል ቢፈልጉ ከብዙ የጥገና ወጪ ይድናሉ።

ብቃት ያለው የጥገና ባለሙያ ወደ ቧንቧው ከመሄዱ በፊት ሌሎች ነገሮችን ይመረምራል። ሶኬቱ የሚያገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል በቂ መሆኑን፣ የበሩ ጎማ አየር አለማስገባቱን፣ ኮንደንሰሩ መጽዳቱን፣ ቴርሞስታቱ በትክክል መክፈትና መዝጋቱን፣ ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው ሪሌይ አለመቃጠሉን ያያል። ኮምፕሬሰሩ «ጠቅ» ብሎ ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ የሚቆም ከሆነ ችግሩ ከጋዙ ይልቅ በሪሌዩ ወይም በኤሌክትሪኩ ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በሌላ በኩል ኮምፕሬሰሩ ያለማቋረጥ እየሠራ የውስጡ ክፍል አንድ ጥግ ላይ ብቻ በረዶ ከሠራ የጋዝ መቀነስ ምልክት ሊሆን ይችላል። የተዘጋ ቧንቧ ያለበቂ ምክንያት መክፈት ጤነኛ ሰውን ቀዶ ሕክምና እንደማድረግ ነው።

ቧንቧው የግድ መከፈት ካለበት የአካባቢው ርጥበት ዋነኛው ጠላት ይሆናል። ቡና አምራቹ ያጨደውን ቡና በአልጋ ላይ ዘርግቶ ርጥበቱን ወደ 12 በመቶ ገደማ ለማውረድ ከዝናቡ ጋር የሚታገለው ርጥበት የሚያስከትለውን ጉዳት ስለሚያውቅ ነው። ማቀዝቀዣ የሚፈቅደው ርጥበት ግን ከዚህም እጅግ ያነሰ፣ ከናካቴው የለም ሊባል የሚችል ነው። በተከፈተ ቧንቧ የገባ እርጥብ አየር ሁለት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛው ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ጫፍ ላይ በረዶ ሠርቶ መተላለፊያውን መዝጋቱ ነው፤ ፍሪጁ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ይቆማል፣ ሲጠፋና በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ እንደገና ይሠራል። ብዙዎች ይህንንም «ጋዝ አነሰው» ብለው ተጨማሪ ጋዝ ይሞሉበታል። ሁለተኛው ውሃው ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ተዋህዶ አሲድ በመፍጠር የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ቀስ በቀስ መብላቱ ነው። አር 134 ኤ ከተባለው ጋዝ ጋር የሚሠራው ዘይት በተለይ ርጥበት ስለሚስብ ቧንቧው ለአጭር ጊዜም ቢሆን ክፍት ሆኖ መቆየት አይገባውም። በዝናባማ ወቅት፣ በረንዳ ላይ፣ ቧንቧው ተቆርጦ ክፍቱን እያለ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ገበያ የሚሄድ ጠጋኝ ፍሪጁን እያበላሸው ነው።

ትክክለኛው ሥራ በቅደም ተከተል ይከናወናል። በመጀመሪያ በውስጥ የቀረው ጋዝ ወደ አየር እንዳይለቀቅ በመሰብሰቢያ መሣሪያ ወደ ሲሊንደር ይወሰዳል። ከዚያም ደረቅ ናይትሮጅን በግፊት ተሞልቶ መገጣጠሚያዎቹ የሳሙና አረፋ ይቀባሉ፤ አረፋው የሚያብጥበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቀዳዳው ተበይዶ ርጥበት የሚመጥጠው ፊልተር ድራየር በአዲስ ይተካል። ቀጥሎ የሚመጣውና በብዛት የሚዘለለው ሥራ ቫኪዩም ማድረግ ነው። በቫኪዩም ፓምፕ የቧንቧው አየር ሲወጣ ግፊቱ እጅግ ስለሚወርድ የቀረው ውሃ በክፍሉ ሙቀት ተንኖ አብሮ ይወጣል። ይህ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የፍሪጁን የራሱን ኮምፕሬሰር እንደ ቫኪዩም ፓምፕ መጠቀም ወይም አየሩን በጋዝ ገፍቶ ለማስወጣት መሞከር ርጥበቱን አያስወግድም።

በመጨረሻም ጋዙ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን በሚዛን ተለክቶ ይሞላል። የአንድ የቤት ፍሪጅ አር 134 ኤ ጋዝ ከ100 ግራም ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ በአዳዲሶቹ ፍሪጆች ያለው አር 600 ኤ ደግሞ ከዚህ ግማሽ ያህል ነው። በዚህ መጠን ላይ የ20 ግራም ስህተት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቧንቧውን በእጅ ዳስሶ «አሁን በቃው» ማለት፣ ልምድ ያለው ሰው ቢያደርገውም፣ ልኬትን አይተካም።

የጋዙ ዓይነትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አር 600 ኤ በኬሚካላዊ ይዘቱ አይሶቡቴን ማለትም ከማብሰያ ጋዝ ጋር የሚቀራረብ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ በአገልግሎት ላይ ያለ ፍሪጅ ለቤተሰብ ስጋት አይሆንም። ነገር ግን መለያውን ሳያነብ፣ ጋዙን ሳያስወግድና ክፍሉን ሳያናፍስ በመበየጃ እሳት ወደ ቧንቧው የሚቀርብ ሰው ራሱንም ቤተሰቡንም ለቃጠሎ ያጋልጣል። ለአር 134 ኤ በተሠራ ፍሪጅ ውስጥ ተቀጣጣይ ጋዝ መሙላትም የዚያኑ ያህል አደገኛ ነው፤ በውስጡ ያሉት ማብሪያዎችና ሪሌዮች ብልጭታ እንዳይፈጥሩ ሆነው አልተሠሩምና።

ወደ አየር የሚለቀቀው ጋዝ ጉዳቱ ከአንድ ቤት ያልፋል። በአሮጌ ፍሪጆች የነበረው አር 12 የኦዞንን ንጣፍ የሚያሳሳ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ምርቱ በታዳጊ አገሮች ጭምር እስከ 2010 እንዲቆም ተደርጓል። ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። አር 12ን የተካው አር 134 ኤ ኦዞንን ባይጎዳም በከባቢ አየር ሙቀት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1 ሺህ 400 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ከአንድ ፍሪጅ የሚለቀቅ 120 ግራም ጋዝ 170 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንደመልቀቅ ይቆጠራል። እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረሰበትን የኪጋሊ ማሻሻያም ኢትዮጵያ በ2019 አጽድቃለች።

በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ጥገናም በተመሳሳይ ሕግ ይመራል። ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችለው ዓይነት የጋዙን አቅጣጫ የሚቀይር ተጨማሪ ቫልቭ አለው። ይህ ቫልቭ መሐል ላይ ከተጣበቀ ወይም የኤሌክትሪክ መጠምጠሚያው ከተቃጠለ ኤሲው ቀዝቃዛ አየር ሲጠየቅ ሙቅ፣ አለዚያም ለብ ያለ አየር ይሰጣል። እዚህም ጋዝ መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ማሞቂያ እምብዛም በማያስፈልግበት በቴፒ ቫልቩ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆይ መጣበቁ አያስደንቅም።

የኤሌክትሪክ ኃይል መቆራረጥ ሌላው የብልሽት ምንጭ ነው። ኮምፕሬሰር ከቆመ በኋላ በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት እኩል እስኪሆን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ ኮምፕሬሰሩ በከፍተኛ ግፊት ላይ ለመነሳት ስለሚሞክር ጥቅል ሽቦው ይግላል፤ ከ220 ቮልት በእጅጉ በወረደ ኃይል ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። አዘግይቶ የሚያበራ ስታብላይዘር ዋጋው ከአንድ ኮምፕሬሰር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስታብላይዘር የሌለው ሰው መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከመጣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢሰካ ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል።

የተበላሸ ፍሪጅ ለአንዳንድ ቤተሰብ የለስላሳ ሽያጭ መቋረጥ ወይም የሥጋ መበላሸት ነው። ኢንሱሊን ለሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ሲሆን በመጠቀም ላይ ያለው ብልቃጥ እንደ ዓይነቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ለ4 ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል። ፍሪጁ ለጥገና ሲሄድ ውሃ በተረጨ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ማስቀመጥ በደረቅ አካባቢዎች ጥሩ አማራጭ ነው። በሚዛንና በቴፒ ዝናባማ ወራት ግን አየሩ በርጥበት የተሞላ ስለሆነ ውሃው በሚገባ አይተንም፤ ማሰሮውም እምብዛም አይቀዘቅዝም። በዚህ ጊዜ ያልተከፈተውን መድኃኒት ጥገናው እስኪያልቅ የሚሠራ ፍሪጅ ባለው ጤና ተቋም ወይም መድኃኒት ቤት ማስቀመጥ ይመረጣል። ከመጠን በላይ መቀዝቀዝም ጉዳት አለው። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መወሰድ የለበትም።

በዚህም ምክንያት ከጥገና የተመለሰ ፍሪጅ «ቀዝቅዟል» በሚል ብቻ ርክክብ አይደረግበትም። በጉዞ ላይ ተጋድሞ ከነበረ ከመሰካቱ በፊት ለሰዓታት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ወደ ቧንቧው የፈሰሰው ዘይት ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው ያኔ ነው። ከተሰካ በኋላ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ይቀመጥና ቴርሞሜትር ይነከርበታል። በማግስቱ ጠዋት ንባቡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል ከሆነ መድኃኒቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ባለንብረቱም የተሞላውን ጋዝ ዓይነትና ግራም፣ የተደፈነውን ቀዳዳ ቦታና ቀኑን በወረቀት አጽፎ ከፍሪጁ ጀርባ ቢለጥፍ ቀጣዩ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ነው።