«ኮሪያ ዘምቶ ነበር»፦ የአያትን ዘመቻ ፈልጎ ማግኘት

በብዙ ቤት ስለ አያት የሚወራው በዚሁ ያበቃል፦ «ኮሪያ ዘምቶ ነበር።» ጠበቅ አድርጎ ለጠየቀ ሜዳሊያው ማን ዘንድ እንደቀረ፣ ፎቶግራፉን የትኛው አጎት እንደወሰደው ይነገረዋል። ሰውዬው በየትኛው ዙር እንደሄደ፣ እዚያ ምን እንደሠራ፣ ሲመለስ ምን እንደጠበቀው ግን የሚያውቅ የለም። አያት በሕይወት ካሉ ዛሬ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ይህን የሚያነብ የልጅ ልጅ ከመዝገብ ቤት በፊት ወደ እርሳቸው፣ እርሳቸው ካለፉም ወደ አያቱ ወደ እማማ ይሂድ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ቃኘው እንደነበሩ ነው። ቃኘው የተባለው፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ የተውጣጣው ጦር በየዓመቱ እየተተካካ ይሄድ ነበር። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው አንደኛው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ገባ። በ1944 በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የሚመራው ሁለተኛው ተተካ። በ1945 ተራው የሦስተኛው ሆነ፤ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ነበሩ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 የተኩስ አቁም ስምምነት ሲፈረም ግንባር ላይ የነበረው ይኸው ሦስተኛው ነው። ከዚያ በኋላ የሄዱት ሰላም ለማስከበር ነው የሄዱት። አያትዎ ከእነዚህ ወገን ከሆኑ የተኩስ ታሪክ ባይገኝ አይዘኑ፤ ጥያቄው ይለወጣል እንጂ አያልቅም።

ብዙ ፈላጊ የሚሰናከለው በዘመን አቆጣጠር ነው። «በ51 ነው የሄደው» የሚል ቃል ቤት ውስጥ ይኖራል። 1951ን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ከወሰዱት ጦርነቱ ካበቃ ዓመታት አልፈዋል፤ እንደ አውሮፓውያን ከወሰዱት ግን አንደኛው ቃኘው የዘመተበት ዓመት ነው። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ ይዘው አይሩጡ፤ ከጎኑ የሚቆም ሌላ ነገር ይፈልጉ። ትልቋ አክስት ያኔ ተወልዳ ነበር? ሲሄድ ክረምት ነበር ወይስ ፋሲካ ሰሞን? ያልተማረች እናት እንኳ ልጇ የተወለደበትን ከበዓልና ከአዝመራ ጋር አያይዛ ታስታውሳለች፤ እኔ ከተቀደደ ወረቀት ይልቅ ይህን ማስታወሻ አምናለሁ።

ቀጥሎ ስሙ ይመጣል። ቃኘው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተመድቦ ስለተዋጋ፣ የየዕለቱ የጦር ሪፖርትና ብዙው ፎቶግራፍ የሚገኘው ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ፈረንጅ ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ይወስዳል፤ አበበ ከበደ የተባለ ወታደር «ከበደ» በሚለው ሥር ሊመዘገብ ይችላል። «ቀ»ን፣ «ጸ»ን፣ «ጨ»ን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሁሉ ደግሞ እንደገባው ነው የሚጽፈው። የአያትዎን ስም ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ አስቀድመው ዘርዝረው ይያዙ።

ሳጥን ውስጥ ሜዳሊያ ከተገኘ አገላብጠው ይዩት። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ጥብጣቡ ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመሮች አሉት፤ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በአማርኛ ተጽፎበታል። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታትን ዓርማ ያየ ሁሉ ኮሪያ አይበል፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮንጎ የዘመቱም አሉ። «ቃኘው ነበር» የሚለው ቃልም ያሳስታል። አስመራ ላይ አሜሪካኖች የነበሩበት የመገናኛ ሰፈር «ቃኘው ጣቢያ» ይባል ነበርና፣ እዚያ ተቀጥሮ የሠራ አያት ከጊዜ በኋላ በልጆች አንደበት ኮሪያ ዘማች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ስታረጋግጡ አያትን አታሳንሱም፤ የኖረውን ሕይወት ትመልሱለታላችሁ።

በኮሪያ የሞቱት ኢትዮጵያውያን ከ120 በላይ ናቸው፤ የቆሰሉት ከ500 ይበልጣሉ። ለእነርሱ መታሰቢያ አዲስ አበባ አፍንጮ በር ላይ፣ በኮሪያም ቹንቾን ከተማ ውስጥ ቆሟል። ጦርነቱ ላይ ብቻ ከቆማችሁ ግን የምታገኙት የአንድ ዓመት ሰው ነው፤ ቀሪው ሃምሳና ስልሳ ዓመትስ? በታኅሣሥ 1953 የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የተነሣው ከዚያው ከክብር ዘበኛ ነው። ከከሸፈ በኋላ ክብር ዘበኛ የነበረ ሁሉ በጥርጣሬ ታየ፤ በሴራው ያልነበረውም ቢሆን። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ተጀመረ፤ ያኔ «ደቡብን ለመርዳት ዘምቻለሁ» ማለት የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ሜዳሊያ የተቀበረበት፣ ፎቶግራፍ የተቃጠለበት ቤት አለ። አባባ ለምን ዝም አሉ ብሎ የሚወቅስ የልጅ ልጅ ይህን ይወቅ፤ ዝም ያሉት ልጆቻቸውን ለማሳደግ ነው።

በዚህ ምክንያት ብዙውን ጊዜ የተሻለ ምስክር የምትሆነው ሚስት ናት። እርሷን «ምን ጀግንነት ሠራ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በኮሪያ የነበረውን አላየችም። እርሱ በሌለበት ዓመት ደመወዙን ማን እንዳመጣላት፣ ደብዳቤውን ማን እንዳነበበላት፣ ሲመለስ እንቅልፍ እንዴት እንደነበረው፣ ስለ ኮሪያ ብርድ ሲያወራ እጁን ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቋት። ሲመሽ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ይሁን። የምትለውን ሳታርሙ በስልክ ቅዱላት፤ ቀኑንና የምትናገርበትን ቦታ መጀመሪያ ላይ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ቅጂውንም በሁለት ቤት አስቀምጡ።