አይቪ ሊግ፦ ለተጫዋች ላለመክፈል የተስማሙ ስምንት ሀብታሞች

«አይቪ ሊግ» ሲባል ምን ይመጣባችኋል? ሃርቫርድ፣ ሐረግ የወጣበት የድሮ ሕንፃ፣ ምናልባትም በቴሌግራም የሚዞር የስኮላርሽፕ ማስታወቂያ። ስሙ ግን የትምህርት ደረጃ አይደለም፤ የስፖርት ሊግ ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ተቧድነው እርስ በርስ የሚጫወቱበትን ማኅበር «ኮንፈረንስ» ይሉታል። አይቪ ሊግም ከእነዚህ አንዱ ነው። አባላቱ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኮሎምቢያ፣ ብራውን፣ ዳርትመዝ፣ ኮርኔል እና የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

ይህን ሊግ ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ሕግ አለ፦ ለስፖርት ችሎታ ስኮላርሽፕ አይሰጥም። የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ፣ ኳስ ስለቻላችሁ ብቻ አንድ ዶላር አይቀነስላችሁም።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1852 ሃርቫርድ እና ዬል በኒው ሃምፕሸር አንድ ሐይቅ ላይ በጀልባ ቀዘፋ ተወዳደሩ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ውድድር ይኸው ነው። ወጪውን የሸፈነው ማን መሰላችሁ? ወደ አካባቢው ተሳፋሪ ለመሳብ የፈለገ የባቡር ድርጅት! የኮሌጅ ስፖርት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከንግድ ጋር ተጋብቷል ማለት ነው።

ከዚያ የአሜሪካ ፉትቦል መጣ፤ ስታዲየም ሞላ፤ ገንዘቡም ተከተለ። ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ ተጫዋች ለማግኘት መሻማት ጀመሩ። በ1945 የስምንቱ ፕሬዚዳንቶች ስምምነት ፈረሙ፦ የፉትቦል ተጫዋች እንደማንኛውም ተማሪ ይታያል፤ ድጋፍ የሚያገኘውም በቤተሰቡ አቅም እንጂ በጉልበቱ አይደለም። በ1954 ስምምነቱ ወደ ሁሉም ስፖርቶች ሰፋ። አይቪ ሊግ በይፋ ተወለደ። ተልዕኮው አጭር ነው፦ መጀመሪያ ተማሪ፣ ቀጥሎ ስፖርተኛ።

ደስ ይላል አይደል? አሁን ደግሞ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዴት እንደሚያየው ልንገራችሁ። በአንድ ሰፈር ያሉ ስምንት ካፌዎች ተሰብስበው «ማናችንም ለአስተናጋጅ ከዚህ በላይ አንከፍልም» ቢባባሉ ምን ትሉታላችሁ? ካርቴል ነው። ተፎካካሪዎች ተማክረው ዋጋ ሲወስኑ፣ ዓላማው ቅዱስ ነው ቢሉም ስሙ አይቀየርም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ስምንቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከኤምአይቲ ጋር ሆነው በየዓመቱ እየተገናኙ፣ በጋራ የተቀበሏቸው ተማሪዎች የሚያገኙትን ድጋፍ ያስተካክሉ ነበር። በ1991 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በፀረ-ሞኖፖሊ ሕግ ከሰሳቸው። ስምንቱም አሠራሩን ለማቆም ተስማሙ። ኋላ ኮንግረሱ በድጋፍ አሰጣጥ ላይ በተወሰነ ደረጃ እንዲተባበሩ ፈቀደላቸው፤ ያ ፈቃድ በ2022 አበቃ። በዓመቱ ሁለት የብራውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች (አንዱ የቀድሞ) ሊጉን ከሰሱ። ክርክራቸው ግልጽ ነበር፦ ሕጉ ባይኖር ዩኒቨርሲቲዎቹ ለእኛ ይሻሙ ነበር፤ ትምህርቱም ይረክስልን ነበር። በኦክቶበር 2024 የኮነቲከት ፌዴራል ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው።

ገበያው ግን አላረፈም። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ መሥራት ተፈቅዶላቸዋል። በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቹ በቀጥታ ማካፈል ይችላል። አይቪ ሊግ «እኛ የለንበትም» አለ። ዋጋውንም እየከፈለ ነው። ለምሳሌ ዳኒ ዎልፍ ለዬል ሁለት ዓመት ተጫውቶ በ2024 ወደ ሚሺጋን ሄደ፤ በ2025 በኤንቢኤ ድራፍት በመጀመሪያው ዙር ተመረጠ። ቢሆንም ቡድኖቹ ቀላል አይደሉም፦ ፕሪንስተን በ2023 አሪዞናን፣ ዬል በ2024 ኦበርንን ከብሔራዊው የቅርጫት ኳስ ውድድር አሰናብተዋል።

ታዲያ ሕጉ ማንን ይጠቅማል፣ ማንን ይጎዳል? የዓመት ሙሉ ወጪው ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የድሃ ቤተሰብ ልጅ በአቅሙ ታይቶ ሙሉ ድጋፍ ስለሚያገኝ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው የመካከለኛና ከዚያ ከፍ ያለ ገቢ ያለው ቤተሰብ ልጅ ነው፦ ሌላ ቦታ በነፃ ይማር የነበረው እዚህ ይከፍላል።

ግን አንድ ነገር አለ። ሌላ ቦታ የስፖርት ስኮላርሽፕ የያዘ ልጅ ቡድኑን ልተው ቢል፣ የትምህርት ገንዘቡ አብሮ ሊሄድ ይችላል። አሠልጣኙ የኪሱም አለቃ ነው ማለት ይቻላል። በአይቪ ሊግ ግን ድጋፉ ከኳሱ ጋር አልታሰረም። ጉልበቱ ቢጎዳ፣ ቢሰለቸው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማምሸት ቢመርጥ፣ ቡድኑን ስለተወ ድጋፉ አይቋረጥም። ይህ ነፃነት በዶላር ለመተመን ይከብዳል፤ ለእኔ ግን የ1945ቱ ስምምነት ትልቁ ፍሬ እሱ ነው።

ቢሆንም አንዱን ጥያቄ መዝለል አልችልም። መርሁ ትክክል ነው ብሎ የሚያምን ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ሊያደርገው ይችላል። ሰባት ተፎካካሪ አብሮት መፈረም ያስፈለገው፣ አንዱ መክፈል ከጀመረ ሌሎቹም እንደማይችሉት ስለሚያውቅ ነው። መርህም ነው፣ ካርቴልም ነው።

ለእኛ የሚሆን ነገር ደግሞ ይኸውና። «የአይቪ ሊግ የስፖርት ስኮላርሽፕ፣ ቶሎ ይመዝገቡ» የሚል ፖስት ካያችሁ ውሸት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እውነተኛው በር የቤተሰብ አቅም ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ዳርትመዝ እና ብራውን የውጭ አገር አመልካች ሲመርጡ «መክፈል ይችላል ወይ?» ብለው አያዩም፤ ከተቀበሉ በኋላ የጎደለውን ይሸፍናሉ። መግባቱ በጣም ከባድ ነው። ግን በሩን የሚከፍተው ለደላላ የሚላክ የመመዝገቢያ ብር አይደለም።