ሰውን ይቀበላል፤ ሕመሙን ግን አይቀበልም

የአመጋገብ መዛባት የቀጫጭን ልጃገረዶች ሕመም ነው የሚለው እምነት ብዙ ሰው ሳይታከም አስቀርቷል። አኖሬክሲያ፣ ቡሊሚያ፣ ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት መብላት፤ ሦስቱም ወንድ ሴት አይመርጡም። ማቲው ፌልድማንና ኢላን ሜየር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት የኒው ዮርክ ጥናት ተመሳሳይ ጾታን ወይም ሁለቱንም ጾታ በሚያፈቅሩ ወንዶች ዘንድ ችግሩ ከሌሎች ወንዶች እንደሚበዛ አሳይቷል።

እነዚህን ወንዶች ማንነታቸውን ተቀብሎ የሚያክም ቴራፒ መሠረቱ አዲስ አይደለም። ሲቢቲ ሐሳብንና ልማድን አብሮ የሚያርም የንግግር ሕክምና ነው፤ ለአመጋገብ መዛባት የኦክስፎርዱ ክሪስቶፈር ፌርበርን ያዘጋጀው ሲቢቲ-ኢ አለ፦ ክብደቱ እጅግ ላልወረደ ሰው 20 ያህል ቀጠሮ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መክሰስ። በዚያ ላይ ሜየር በ2003 ያብራራው የአናሳዎች ጭንቀት ይታከላል፦ መገለልን መጠበቅ፣ ራስን መደበቅ፣ የሰውን ንቀት ተቀብሎ ራስን መናቅ። ጆን ፓቻንኪስ ይህን ጭንቀት የሚያክም ሲቢቲ በ63 ወጣት ወንዶች ላይ ሞክሮ በ2015 ውጤቱን አሳትሟል፤ ድባቴና መጠጥ ቀንሷል። ሙከራው ስለ ምግብ አልነበረም፤ መንገዱን ግን ያሳያል።

ከሲቢቲ-ኢ እኔ የምወደው የምግብ መመዝገቢያ ወረቀቱን ነው። ታካሚው ማታ ተቀምጦ ሳይሆን እዚያው በበላበት ሰዓት ይጽፋል፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የበላውን፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ያሰበውንና የተሰማውን። ካሎሪ መቁጠሪያ የሚመስላቸው አሉ። ካሎሪ አይጻፍበትም!

አንድ ሥልጠና ላይ ለመለማመጃ የቀረበ ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፦ «ምሳ፦ አልበላሁም። ማታ፦ ቤት፣ ብቻዬን፣ ማቆም አቃተኝ።» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ምሳ ስለዘለለ ነዋ!» አለ። እውነት ነው፤ ቀን የተራበ ሰውነት ማታ ይበቀላል። አሠልጣኟ ግን ጣቷን የመጨረሻው ዓምድ ላይ አሳረፈች፦ «ቅዳሜን እንዴት አሳለፍክ ቢሉኝስ?» ሰውየው ቅዳሜን ያሳለፈው ከፍቅረኛው ጋር ነው፤ ፍቅረኛው ወንድ ነው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ምሳ የዘለለው ለመክሳት አልነበረም፤ ላለመዋሸት ነበር።

ታዲያ «ምሳህን ብላ» ብቻ ቢባል ነገም ከመሥሪያ ቤቱ የምሳ ክፍል ይሸሻል። «ንገራቸውና ይውጣልህ» ብቻ ቢባልም ሆዱ ባዶ ነው። የተሻለው ሁለቱን አብሮ መያዝ ነው፦ በዚህ ሳምንት ምሳውን የት፣ ከማን ጋር ሳይሳቀቅ ይበላል? ለማን እንደሚናገር የሚወስነው ራሱ ነው። ተራው ሲቢቲ «ይጠሉኛል የምትለው ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ጥንቃቄ ያሻል፤ ማስረጃው እውነተኛ ሊሆን ይችላልና። ሥራውን ሊያጣ የሚችል ሰው ፍርሃት የተዛባ አስተሳሰብ አይደለም።

ሁለት ዓይነት ባለሙያዎች ያናድዱኛል። አንዱ የቀስተ ደመና ባንዲራ ሰቅሎ ስለ ማንነት ብቻ ያወጋል፤ ታካሚው እየተራበ ነው። አንሴል ኪይስ ከ1944 እስከ 1945 ሚኒሶታ ውስጥ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ይዞ ባደረገው ጥናት ምግብ ሲቀነስባቸው ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆኖ ነበር፤ በባዶ ሆድ ሌላ ቁም ነገር አይሰምርም። ሌላው ደግሞ ሕመሙን በሙሉ በፍቅር ዝንባሌው ያሳብባል። ወዳጅ ዘመድም አይቅርበት፤ በእኛ ቤት «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ ለዚህ ታካሚ ግን ገበታውን ፍርድ ቤት ሊያደርግበት ይችላል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ መቀበል ማለት በሁሉ መስማማት የሚመስላቸው ሰዎች ነገር ነው። ታካሚው «ካልከሳሁ ማን ያፈቅረኛል?» ሲል ጥሩ ቴራፒስት አይስማማም። ይህን ማን እንዳስተማረው ይጠይቃል፤ መተዋወቂያ መተግበሪያው ነው? ጂሙ? በልጅነቱ የሰማው ስድብ? ከዚያ ምግቡ በሰዓቱ እንዲበላ አጥብቆ ይይዛል። ሰውነቱ የተጎዳ ካለም ሐኪም ልቡንና ደሙን ሊያይለት ይገባል።

ቴራፒስት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ምግብን በሰዓቱ መብላት የምንጀምረው መቼ ነው? ስለ ፍቅረኛዬ ሳወራ ማስረዳት ይጠበቅብኛል? አንዱን ብቻ በደንብ የመለሰ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሌላ መፈለግ ያዋጣል።