ንባብ ለእምነት፣ ጽሕፈት ለንግድ፦ የቀድሞዋ አሜሪካ ልጆቿን እንዴት አስተማረች?

የዛሬው ወጋችን አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች ስለነበረው የልጆች ትምህርት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒዩሪታን የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ከእንግሊዝ ተሰደው ማሳቹሴትስ ሲሰፍሩ አንድ ጽኑ እምነት ነበራቸው። ማንኛውም ሰው ባይብልን በራሱ ዓይን ማንበብ አለበት ይላሉ። በ1642 ያወጡት ሕግም ወላጆችና ልጆችን ለሙያ የተቀበሉ አሠሪዎች ልጆቹን ንባብና የሃይማኖት መሠረት እንዲያስተምሩ አስገደደ። ልብ በሉ፤ ሕጉ መጀመሪያ የጠየቀው አባትንና እናትን ነው፤ ትምህርት ቤት ክፈቱ አላለም። በ1647 ግን ግዴታው ወደ መንደሩ ዞረ። 50 አባወራ ያለው መንደር ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ሰው ይቅጠር፤ 100 የደረሰው ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ የላቲን ትምህርት ቤት ይክፈት ተባለ። ላቲኑ የአውሮፓ ውርስ ነው። ብዙዎቹ ሰባኪዎች በእንግሊዙ ካምብሪጅ የተማሩ ስለነበሩ፣ በ1636 ያቋቋሙት ኮሌጅ (የዛሬው ሃርቫርድ) ያለበትን ከተማ ካምብሪጅ ብለው ሰየሙት።

ሕፃናቱ የሚጀምሩት እኛ በቁርኣን ቤት ከምንቀራበት ሉሕ ጋር በሚመሳሰል እጀታ ባለው ትንሽ ሰሌዳ ነበር። ፊደልና ጸሎት የታተመበት ወረቀት ይለጠፍበትና እንዳይቆሽሽ ስስ ቀንድ ይለበጥበታል። አስተማሪዋ ብዙ ጊዜ የቤት ሥራዋን እየሠራች የምታስቀራ የሰፈር ሴት ነበረች።

ታዲያ ንባብና ጽሕፈት አብረው አይሰጡም ነበር። ንባብ ለእምነት፣ ጽሕፈት ለንግድና ለሥራ ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ብዙ ሴት ልጆች ማንበብ ችለው ስማቸውን ሳይጽፉ አደጉ። ነገሩ በደቡብ ይብስ ነበር። የቨርጂኒያው ገዥ ዊልያም በርክሌይ በ1671 ነፃ ትምህርት ቤትም ማተሚያም ስለሌለን ፈጣሪን አመሰግናለሁ ብሎ እስከ መጻፍ ደርሷል! ሀብታሞቹ ለልጆቻቸው አስተማሪ ቤት ድረስ ይቀጥሩ ነበር። ሳውዝ ካሮላይና ደግሞ ከ1739ኙ የባሪያዎች አመፅ በኋላ፣ በ1740 ባሪያን መጻፍ ያስተማረ 100 ፓውንድ ይቀጣል የሚል ሕግ አወጣች። ባሪያ ከቦታ ቦታ የሚሄደው በጌታው የይለፍ ወረቀት ነበርና፣ መጻፍ የቻለ ወረቀቱን ለራሱ ይጽፋል።

ይሁን እንጂ ከባሪያዎቹ መካከል ቀድሞውኑ መጻፍ የሚችሉ ነበሩ። ከምዕራብ አፍሪካዋ ቡንዱ የመጣው አዩባ ሱለይማን ዲያሎ አንዱ ነው። እርሱም ራሱ ሁለት ባሪያዎች ሸጦ ሲመለስ ነበር የተያዘው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በሜሪላንድ የትምባሆ እርሻ ሠርቶ፣ ጠፍቶ ከታሰረ በኋላ ለአባቱ በዐረብኛ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ለንደን ላይ ጄምስ ኦግልቶርፕ እጅ ገባ፤ ተተረጎመ፤ ለነፃነቱም ምክንያት ሆነ። አዩባ በ1733 እንግሊዝ ገብቶ ሦስት ቁርኣን በቃሉ ጻፈ፤ በ1734ም ወደ አፍሪካ ተመለሰ።