ሄደ ወይስ ከዳ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከወዳጆቻችን ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ኳስ ተጫዋቾች ዝውውር ስንከራከር አመሸን። አንደኛው ወዳጃችን የአርሰናል ደጋፊ ነው፤ ውሉን ጨርሶ፣ ለክለቡ ምንም ሳያስገኝ የሚሄደውን ተጫዋች ሁሉ «ከሃዲ» ይለዋል። ሶል ካምቤል በ2001 እ.ኤ.አ. ከቶተንሃም ወደ አርሰናል የመጣው በዚሁ መንገድ መሆኑን ስናነሣበት ግን ፈገግ ከማለት በቀር መልስ የለውም። የቶተንሃም ደጋፊዎች ካምቤልን «ይሁዳ» ብለውታል።

ይህ የመሄድ መብት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ዣን ማርክ ቦስማን የተባለ የቤልጂክ ተጫዋች በ1990 ከሊዬዥ ክለብ ጋር የነበረው ውል አለቀና ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ ሊሄድ ተነሣ። ክለቡ የዝውውር ገንዘብ ጠየቀበት። ውሉ ባለቀ ሰው! ጉዳዩ ፈረሰ፤ ቦስማንም ከሰሰ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ ወር 1995 ሲፈርድለት ዕድሜው 31 ደርሶ ነበር። በፍርዱ የከበሩት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

በእኛ አስተያየት ውሉን የጨረሰ ዕዳ የለበትም። ከመካከላችን አንዱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ «እኔ ኮንትራቴን ጨርሼ ሌላ መሥሪያ ቤት ብገባ፣ አለቃዬ ዋጋዬን ሊቀበል ነው?» ሲል ጠየቀ።

የአርሰናሉ ወዳጃችን ስኒውን አስቀመጠና፣ «ለአንተስ በየእሑዱ ማን ይዘምርልሃል?» አለው።