ባሕር ዳር በኃያላን መካከል

ባሕር ዳርን ከሐይቅ ዳር መንደርነት ወደ ከተማነት ያሸጋገሯት ሦስት ተቋማት በተቀራራቢ ዓመታት የተቋቋሙ ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በ1963፣ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ደግሞ በ1964 ሥራ ጀመሩ። ፋብሪካው ከጣልያን የጦር ካሳ፣ ፖሊ ቴክኒኩ ከሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተገኘ ነው። የከተማዋን ማስተር ፕላን ያዘጋጁት ጀርመናውያን ነበሩ። ይህ ሁሉ የውጭ እጅ በአንድ ጊዜ ጣና ዳር የተገናኘው በአጋጣሚ አይደለም።

የኃያላን ዓይን ጣና ላይ ያረፈው ከቀዝቃዛው ጦርነት በፊት ነው። ግብፅንና ሱዳንን የያዘችው እንግሊዝ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈራረመችው ውል፣ ያለ እርሷና ያለ ሱዳን ፈቃድ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል ግዴታ አስገባች። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣልያን በጣና ግድብና በባቡር መስመር ጉዳይ እርስ በርስ ሲስማሙ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አቤቱታቸውን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቀረቡ። ቀጥሎም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒውዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር እንዲደራደሩ አደረጉ። ይህም በቅኝ ገዥዎቹ መካከል ሦስተኛ ወገን የማስገባት ስልት ነበር። ግድቡ ግን ሳይሠራ የጣልያን ወረራ ደረሰ።

ከጦርነቱ በኋላ ፉክክሩ በዋሽንግተንና በሞስኮ መካከል ሆነ። አሜሪካ በፖይንት ፎር የእርዳታ መርሐ ግብሯ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ረዳች፤ ከጣና በስተ ሰሜን ጎንደር ላይ የተከፈተውን የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ደገፈች። አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ቃኘው ጣቢያም የዚሁ ወዳጅነት ዋና መያዣ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ተፈሪ ግን ሌላውንም በር አልዘጉም። በ1951 ዓ.ም. ክረምት ሞስኮን ጎብኝተው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው ተመለሱ። ስለዚህ ከሐይቁ በስተ ሰሜን፣ አሜሪካ የምትደግፈው ኮሌጅ፣ በደቡቡ የሐይቁ ዳርቻ ሶቪየት የሠራው ፖሊ ቴክኒክ ቆመ።

ለጣና ትልቁ የአሜሪካ ሥራ ጥናት ነው። ዋሽንግተን ለግብፅ የአስዋን ግድብ ልትሰጥ የነበረውን ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1956 ስትከለክል የግብፁ መሪ ናስር ወደ ሞስኮ ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ባለሙያዎች የዓባይን ተፋሰስ ማጥናት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የተካሄደው ጥናት በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢን፣ ማቢልን፣ መንዳያንና ከሱዳን ወሰን አጠገብ ያለውን ቦታ ለግድብ ጠቆመ።

የውጭው ፉክክር ይህን ቢያመጣም የገበሬውን ኑሮ የወሰነው የአገር ውስጥ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ጎጃምን አሳመፀ፤ ገበሬው ግብሩን የርስቱ መነጠቂያ አድርጎ አየው። ከተኩስና ከቦምብ በኋላ ያፈገፈገው መንግሥት ነው፤ ውዝፉ ተማረ፣ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ተነሡ።

ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ሥልጣን የያዘው ደርግ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ፣ ርስት በነበረበት በጎጃም አዋጁ እንደ ደቡቡ የጭሰኛ ነፃነት ተደርጎ አልታየም። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ቃኘው ተዘጋ፤ በኅዳር 1971 ዓ.ም. ከሶቪየት ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈረመ። የእህል ኮታ፣ የአምራቾች ማኅበርና መንደር ምሥረታ ተከታተሉ። ትርፍ አምራቹ የጎጃም ገበሬ እህሉን በመንግሥት ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ማስረከብ ግዴታው ሆነ። በጣና በለስ ፕሮጀክት ደግሞ ሶሻሊስቱ መንግሥት የጣልያንን ገንዘብ ይዞ ሠፋሪዎችን ፓዌ አስገባ። ሞስኮ እጇን ስትሰበስብ የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ገበሬውም ብዙ ሳይቆይ የአምራቾች ማኅበሩን አፈረሰ። በዓመቱ ባሕር ዳር በኢሕአዴግ እጅ ገባች።

ከዚያ በኋላ የለውጡ ቋንቋ የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ቋንቋ ሆነ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የዶላር ዋጋ ከ2.07 ወደ 5 ብር ከፍ አለ። መሬት ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና ሲደለደል፣ በቀድሞው ሥርዓት ኃላፊነት ነበራቸው ተብለው ‹‹ቢሮክራት›› የተባሉት ገበሬዎች ከሌላው ያነሰ ደረሳቸው። የጣናን ውኃ ወደ በለስ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። የአሜሪካ ጥናት ጠቁሞት ከነበረው የወሰን ቦታ አቅራቢያ የተሠራው የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

ዛሬ በዓባይ ላይ ያለው አዲሱ የባሕር ዳር ድልድይ፣ 380 ሜትር የሚረዝመው፣ በቻይና ተቋራጭ ተሠርቶ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተከፍቷል። በሁለት ወሩ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ተፎካካሪዎቹ ተለዋወጡ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የኃያላን ሽሚያ ለጣና ዳር ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካና ጥናት ሰጥቶታል፤ የዳርቻውን ሰው ያኖረው ወይም ያሳመፀው ግን የመሬት፣ የግብርና የገበያ ሕግ ነው። አዲስ ብድር ወይም አዲስ ግንባታ ሲታወጅ ‹‹ማን ሰጠ?›› ከማለት ይልቅ ‹‹ገበሬው መሬቱን በምን ዋስትና ይይዛል? ምርቱንስ በማን ዋጋ ይሸጣል?›› ብሎ መጠየቅ ይሻላል።