“የእኛ ትምህርት ቤት ስንት አሳለፈ?” የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤትን እንዴት እናንብበው?

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ሰሞን በገበያውም፣ በዕድሩም፣ በቡናው ዙሪያም የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ “የእኛ ትምህርት ቤት ስንት አሳለፈ?” የሚል። ፈተናውን ዛሬም “ሚኒስትሪ” እያሉ የሚጠሩት ወላጆች ጥያቄውን የሚያነሡት በከንቱ አይደለም። ልጁ 9ኛ ክፍል ይግባ ወይስ ክፍሉን ይድገም፣ ከተማ ቤት ይከራዩለት ወይስ ወደ እርሻው ይመለስ፣ ልጅቱ ትማር ወይስ ትዳር የሚለው የቤተሰብ ውሳኔ በብዙ ቦታ የሚመሠረተው በዚህ ውጤት ላይ ነው። ይሁን እንጂ ያለፉት ተማሪዎች ብዛት ብቻውን ስለ ትምህርት ቤቱ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ከስንት ተማሪ?

ስድስት ኩንታል ጤፍ አስገባሁ የሚልን ገበሬ ጎረቤቱ “ከስንት ጥማድ መሬት?” ብሎ ይጠይቀዋል። የፈተና ውጤትም እንዲሁ ሊጠየቅ ይገባዋል። ለምሳሌ ያህል፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች 7ኛ ክፍል ላይ እያንዳንዳቸው 120 ተማሪዎችን መዘገቡ እንበል። ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት ለፈተና የተቀመጡት 60 ሲሆኑ 54ቱ አለፉ። ከሁለተኛው 110 ተፈትነው 88 አለፉ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያው 90 በመቶ፣ ሁለተኛው 80 በመቶ እንዳሳለፈ ይጻፋል። ከተመዘገቡት አንጻር ሲታይ ግን ለውጤት የበቁት በመጀመሪያው 45 በመቶ፣ በሁለተኛው ደግሞ 73 በመቶ ናቸው። በአጨዳ፣ በከብት ጥበቃ፣ በሥራ ፍለጋ ወይም ያለዕድሜ ጋብቻ ምክንያት ያቋረጡት ልጆች በሰሌዳው ቁጥር ውስጥ አይታዩም።

የተፈታኞቹ ቁጥር ማነስም ውጤቱን ያዛባል። 20 ተማሪዎችን ብቻ በሚያስፈትን የገጠር ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች ማለፋቸው ወይም መውደቃቸው ውጤቱን በ10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውጤት ትምህርት ቤቱን ማመስገንም ሆነ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የሦስትና የአራት ዓመታትን ውጤት አስተያይቶ መመልከት ይሻላል።

ዕውቀትና ግምት

ፈተናው በአብዛኛው አራት አማራጮች ያሏቸው የምርጫ ጥያቄዎችን የያዘ ነው። አንድ ተማሪ ጥያቄዎቹን ምንም ሳያነብ መልሱን በዘፈቀደ ቢያጠቁር እንኳ ከ100 ጥያቄዎች በአማካይ 25ቱን ያገኛል። ከ100 ጥያቄዎች 50 ያገኘ ተማሪ በርግጠኝነት ያወቀው 33 ያህሉን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከቀሩት 67 ጥያቄዎች ሩቡን፣ ማለትም 17 ያህሉን በግምት ያገኛቸዋልና። በሒሳብ አማካይ ውጤቱ 30 የሆነ ክፍል ደግሞ ከግምት ያለፈው በጥቂቱ ብቻ ነው።

የማለፊያ ነጥቡም እንደየክልሉና እንደየዓመቱ ሊለያይ ይችላል። ነጥቡ ዝቅ ሲል ያላፊዎች ቁጥር ይጨምራል፤ የልጆቹ ዕውቀት ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። በመሆኑም ከያላፊዎች ብዛት ይልቅ የየትምህርት ዓይነቱ አማካይ ውጤት ስለ ትምህርት ቤቱ የበለጠ ይናገራል።

ኩረጃ ሲቀንስ የታየው

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ተፈተኑ። ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደርሷል። ይህ ውጤት ለመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ትምህርት አለው። በ8ኛ ክፍል በኩረጃ ያለፈ ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ረዳት በሌለበት አዳራሽ ብቻውን ይቀመጣል። ያን ጊዜ የቤት ኪራዩም፣ ስንቁም፣ የቤተሰቡም ተስፋ አብሮ ይባክናል።

ክፍተቱ የሚጀምረው የት ነው?

በአዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለው ይጠራሉ። ይህ ደረጃ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ፈተናው የሚለካው ዕውቀት ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ዓመታት የተገነባ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ100 የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2ኛ ክፍል ያላነበበ ልጅ በ8ኛ ክፍል የሳይንስ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚቸገረው በሳይንሱ ብቻ ሳይሆን በንባቡም ጭምር ነው።

ክፍል ሳይደግሙ በ2018 ዓ.ም. 8ኛ ክፍል የደረሱት ልጆች በ2012 ዓ.ም. 2ኛ ክፍል ነበሩ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የተዘጉት እነዚህ ልጆች ንባብ በሚያጠናክሩበት ጊዜ ነበር። በኋላም ጦርነትና ግጭት በበርካታ አካባቢዎች ትምህርትን ደጋግመው አቋረጡ። ይህ ለድክመት ሁሉ ሽፋን አይሆንም፤ ነገር ግን ለፈተና ሁለት ወር ሲቀረው የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት ብቻውን ክፍተቱን እንደማይሞላ ያስረዳል።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ርዕሰ መምህሩን የሚከተሉትን መጠየቅ ይቻላል፦

- በ7ኛ ክፍል ከተመዘገቡት ስንቱ ለፈተና ደረሱ? ከቀሩት ውስጥ ሴቶች ስንት ናቸው?
- የየትምህርት ዓይነቱ አማካይ ውጤት ስንት ነው? ካለፉት ዓመታትስ ምን ለውጥ አሳየ?
- በሒሳብና በእንግሊዝኛ ዓመቱን ሙሉ መምህር ነበር ወይስ ክፍለ ጊዜው ባዶ ይውል ነበር?
- በታችኛው ክፍል ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ተለይተው ታውቀዋል? ምን ድጋፍስ ተደረገላቸው?

መልሱ የወላጁንም ድርሻ ሊያሳይ ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ በአዝመራ ስብሰባ ምክንያት ሦስት ሳምንት ከክፍል የቀረ ልጅ ያመለጠውን ትምህርት ሰኔ ላይ ከፈተናው ወረቀት አያገኘውም። የከተማ ነዋሪውም ቢሆን ልጁ ማታ መጽሐፍ ይዞ መቀመጡን ብቻ አይቶ ከመርካት ይልቅ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብለትና ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲነግረው ቢጠይቀው የልጁን ደረጃ ያውቃል። ይህን ለማድረግ ወላጁ የተማረ መሆን አይጠበቅበትም፤ ልጁ ሲደናቀፍ ማንም ጆሮ ይሰማዋልና።

ዘንድሮ ያላለፈ ልጅ ያለውም እንደሆነ ካርዱን ይዞ ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር ይሂድ። በየትኛው ትምህርት እንደወደቀ ሳይታወቅ “ልጁ ትምህርት አይሆንለትም” ብሎ መወሰን፣ አንድ ዓመት ዝናብ በቀረበት ማሳ ላይ ሁለተኛ አልዘራም እንደማለት ይቆጠራል።